ቆሜ የተወጋሁት መርፌ

ውድ እኅቴ ወይዘሮ ይመኙሻል፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እኔ መሪጌታ ዘማርያም፣ በካርቱም ከተማ በካላክላ ሠፈር የሕፃናት መምህር የሆንሁት፣ በገዳሪፍ ለምትኖሪው ለአንቺ ነው። የምጽፍበትም ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ በዝናሽ አፍ የላክሽውን ጥያቄ ለመመለስ ነው። ሁለተኛው፣ እኔም በፋንታዬ አንድ ነገር ልለምንሽ ነው። ልመናዬን ግን ጥያቄሽን በእውነት ሳልመልስ ላቀርበው አልደፍርም። ስለዚህ ደብዳቤው ቢረዝምብሽ ታገሽኝ።

ዝናሽ ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በግቢው አገኘችኝ። ቤቷ ከጦርነቱ ምን እንደ ተረፈ ለማየት መጥታ ኖሯል፤ ሐሙስ በአውቶቡስ ትመለሳለች። ስለ አንቺ የነገረችኝ ይህን ነው። የምትሠሪላት እመቤት ከፋሲካ በኋላ ወደ ካይሮ ልትሄድ ነው፤ አንቺንም ልትወስድሽ ወረቀትሽን አስጨርሳለች፤ አንቺ ግን እስካሁን እሺም እምቢም አላልሽም። ቀጥላም፣ «አንድ ነገር ጠይቂልኝ ብላኛለች፤ እኔ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ መስሎኝ ነበር» አለችና ሳቀች። ምን እንደ ሆነ ጠየቅኋት።

«‹አሁንም ያማቸዋል ወይ?› ነው ያለችኝ፤ መርፌውን» አለች።

ወደ ሦስት ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አልፏል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ከተማ ፈርሷል፣ ሰው ተበትኗል፤ አንቺ የጠየቅሽው ግን ስለ መርፌዬ ነው። ለዝናሽ መልሱን ሐሙስ ሳትሄድ በደብዳቤ እንደምሰጣት ነግሬ አሰናበትኋት።

መልሴ፣ አያመኝም ነው። ከኅዳር ወር ወዲህ አያመኝም። ይህን ለማለት አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ነገር ግን ከኅዳር በፊት ለምን ያመኝ እንደ ነበረ አንቺ አታውቂም፤ ጥፋቱንም በራስሽ ላይ አድርገሽ ሄደሻል። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ይህን ሳልነግርሽ ብቀር በደል ይሆንብኛል።

ነገሩን አንቺ የምታውቂው ከመሐሉ ነው፤ ከመጀመሪያው ልንገርሽ። በአንድ በዓል ማኅሌት ቆሜ፣ ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ የማውቃት አንዲት ቃል ከአፌ ጠፋችብኝ። ዜማው ደረሰ፤ ቃሉ ግን አልመጣም። ወጣቶቹ ሆነ ብዬ የዘለልሁት መስሏቸው እነርሱም ዘለሉት። በዚያው ሰሞን እግሮቼ የሌላ ሰው ካልሲ ያጠለቅሁባቸው ያህል ደነዘዙብኝ። ጃፋር ወደ ሐኪም ወሰደኝ። ጃፋርን ታውቂዋለሽ፤ በገበያው መግቢያ ያለው የመድኃኒት ቤት፣ የአጅዛኻናው ባለቤት፣ በልጅነቱ አባቱን ተከትሎ ጎንደር ሲነግድ አማርኛ የለመደው ሱዳናዊ ወዳጄ ነው። ሐኪሙ ምን እንደምበላ ጠየቀኝ። በዓመት ከሁለት መቶ ቀን በላይ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል እንደማልቀምስ ነገርሁት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ደምህም አብሮህ እየጾመ ነው ይልሃል» ብሎ ጃፋር ተረጎመልኝ።

ኋላ በምርመራ የተገኘው ሌላ ነው። ብበላም ባልበላም ደሜ ያጣውን፣ ከሥጋና ከወተት የሚገኘውን አንድ ቫይታሚን ሆዴ አይቀበለውም ነበር። ጾሜ ከክስ ነፃ በመውጣቱ ደስ አለኝ፤ ይህንም ደስታ አልሸሽግም። መድኃኒቱ ግን ዕድሜ ልኬን በመርፌ እንዲሰጠኝ ተወሰነ። ነርሷ ክንዴን ወጋችኝ፤ ክንዴን ታውቂዋለሽ፣ ሥጋ የለውም። በሦስተኛው ጊዜ አበጠና፣ «ከእንግዲህ ታፋው ላይ ነው» አለች። ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ፤ ተመልሼም አልሄድሁም። ጃፋር እንዲወጋኝ ብለምነው በሁለት እጁ ወደ ኋላ ገፋኝ። «ያ ሼኽ፣ እኔ መድኃኒት እሸጣለሁ፤ ሰው አልወጋም። ደም ካየሁ የምወድቀው እኔ ነኝ፤ ያን ጊዜ አንተ ታነሣኛለህ» አለኝ። በአርባ ዓመት የአጅዛኻና ሥራው ከሁሉ የሚደብቀው ምሥጢር ይህ ነበር።

አንቺ ያን ጊዜ መንሺያ በሚባለው ሠፈር የሰው ቤት ትሠሪ ነበር። በደምቢያ ገጠር አሥራ አንድ ዓመት ጤና ረዳት ሆነሽ ስንት እናት ያዋለድሽ ሴት፣ ወረቀትሽ እዚህ አልሠራ ብሎ የሰው ወለል ታጸጂ ነበር። ዓርብ ዕረፍትሽ ስለ ነበረ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ላይ ሃፍላ፣ የከተማውን አውቶቡስ፣ ቀይረሽ ወደ ካላክላ፣ ወደ ዝናሽ ቤት ትመጪ ነበር። በቅዳሴ ከሴቶቹ በኩል ሆነሽ በመቋሚያዬ ላይ ከወትሮው የበለጠ መደገፌን አየሽ። ሌላ ማንም አላየም። በግቢው ጠብቀሽ፣ «የኔታ፣ እግርዎን ያምዎታል?» አልሽኝ። እኔም፣ የሚያመኝ ቢሆን ለእግዚአብሔር እንደምነግረው ቆፍጠን ብዬ መለስሁልሽ።

«ለእርሱም ይንገሩት፤ ለእኔም ይንገሩኝ። እኔ ቅርብ ነኝ» አልሽ።

ይህን መልስ ለብዙ ጊዜ ድፍረት አድርጌ ቆጠርሁት። ሆኖም በሚቀጥለው ዓርብ መድኃኒቱን ይዤ በቤቴ ጠበቅሁሽ።

የእኔ ሕግ ግልጽ ነበር። ባለቤቴ የሻሽወርቅ ከሞተች ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖ ነበር፤ ከእርሷ በቀር ጭኔን ያየች ሴት የለችም፤ ከእንግዲህም አታይም። አንቺ አልተከራከርሽኝም፤ አልሳቅሽብኝምም። ጋቢዬን ጠየቅሽኝ፤ አንዱን ጫፍ ከመስኮቱ ብረት፣ ሌላውን ከበሩ ምስማር አሰርሽ። ዝናሽ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች፤ በሩም ክፍት ሆነ። «እኔ ከወዲህ ሆኜ እነግርዎታለሁ፤ እርስዎ ከወዲያ ሆነው ራስዎን ይወጋሉ» አልሽ። ራስን መውጋት እንዴት ይሆናል ብዬ ሳመነታ፣ ትምህርት መሆኑን፣ እኔም ከትምህርት የሸሸሁበት ቀን እንደሌለ አስታወስሽኝ።

እኔ የምማረው በአንድ መንገድ ብቻ እንደ ሆነ ነገርሁሽ፤ መምህሩ ይላል፣ ተማሪው ይቀበላል፣ ሦስት ጊዜ ይደግማል። ስለዚህ ያን ዕለት የኔታ አንቺ ሆንሽ። «ብልቃጧን በሁለት መዳፍዎ መሐል ይያዟት፤ የሰውነትዎን ሙቀት እስክትወስድ። ቀዝቃዛ መድኃኒት ያማል» አልሽ፤ ደገምሁ። «የቀዱበትን መርፌ ይንቀሉት፤ ጫፉ ላስቲኩን ሲበሳ ደንዝዟል። አዲስ ይተኩ» አልሽ፤ ደገምሁ። «አልኮሉ ይድረቅ፤ እርጥቡ ከመርፌው ጋር ገብቶ ያቃጥላል። ከታፋው መሐል፣ ከውጭ በኩል። ትንፋሽ ወደ ውጭ። መርፌው ፈጣን፣ መድኃኒቱ ዝግተኛ። ሲጨርሱ ጥጡን ይጫኑት እንጂ አይሹት።» ሁሉንም ደገምሁ። በሁለተኛው ዙር፣ «አልኮሉን ዘለሉ፤ ይድገሙ» አልሽኝ፤ ድምፅሽ ሳይለዝብ።

በአርባ ዓመት ውስጥ «ይድገሙ» ያለኝ ሰው አልነበረም። ያን ጊዜ ያልነገርሁሽን አሁን እነግርሻለሁ፤ ደስ አለኝ።

እዚህ ጀዋፋ የሚሏትን ዘይቱን አምጥተሽ በእርሷ አለማመድሽኝ። ሰባት ጊዜ ወጋኋት፤ ስምንተኛው የእኔ እግር ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ደረስሁ። ጋቢውን ከመስቀልሽ በፊት፣ ሻይ ሻጮቹ ዘንድ ደንበኛ የሚቀመጥባትን፣ በገመድ የተታታችውን ያችን ዝቅ ያለች በርጩማ፣ የዚህ አገር ሰው ባንባር የሚላትን፣ ከዝናሽ ቤት አምጥተሽ በእኔ በኩል አኖርሻት። «የኔታ፣ ይቀመጡ» አልሽ። እኔ ለሽማግሌ የሚቀርብ የአክብሮት ቃል አድርጌ ወሰድሁትና፣ የእግዚአብሔር ስም ሲጠራ ተቀምጬ እንደማላውቅ ነገርሁሽ። አንቺም፣ «ጸሎቱን አድርሰው ነዋ» ብለሽ ጋቢውን ጎተትሽ።

እኔ ግን ጸሎቱን ከመርፌው ጋር አንድ አደረግሁት። በስመ አብ ብዬ ቆምሁ፤ አቡነ ዘበሰማያት ጀመርሁ፤ የዕለት እንጀራችንን የምንለምንበት ቃል ላይ ስደርስ መርፌውን ሰካሁ፤ አሜን ስል ነቀልሁ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆሜ ነበርሁ፤ በምወጋው እግር ላይ ተደግፌ። ባንባሯ ላይም ዳዊቴን አኖርሁባት። መጽሐፉ መሬት እንዳይነካ ያመጣሽልኝ መሰለኝ፤ አስተዋይነትሽንም በልቤ አመሰገንሁ።

ሰው ሲቆም የታፋው ጅማት እንደ ተወጠረ ገመድ ይጠነክራል። በዚያ ላይ መርፌ ሲገባ ምን እንደሚመስል አንቺ ከማንም ይልቅ ታውቂያለሽ። እኔ አላውቅም ነበር። መርፌ እንዲህ ያለ ነገር ነው አልሁ። አልጮኽሁም፤ ትንፋሼ ግን ከዳኝ፤ በጥርሴ መሐል ሲያፏጭ ሰማሽው።

«ቀስ ብለው ነው የገፉት፣ የኔታ?»

«ቀስ ብዬ ነው።»

«አልኮሉ ደርቋል?»

«ደርቋል።»

ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለራስሽ በሚመስል ድምፅ፣ «ታዲያ ምኑን አጎደልሁት?» አልሽ።

በየዓርቡ እንዲህ ሆነ፤ ኋላም በወር አንዴ። አንቺ ያላደረግሽው ነገር አልነበረም። ቀጭኑን መርፌ ፈልገሽ አመጣሽ። ግራና ቀኙን እንዳፈራርቅ ነገርሽኝ። አንድ ዓርብ ደግሞ፣ መዳፌ ቀዝቃዛ ሳይሆን አይቀርም ብለሽ ጠርጥረሽ፣ ብልቃጧን አንቺው ራስሽ ይዘሽ አሞቅሻትና ከጋቢው ሥር አቀበልሽኝ። ውስጧ ያለው እንደ ቀይ ሥር ውኃ ቀይ ነው፤ በእጄ ስቀበላት ሙቀትሽ ነበረባት። ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ አንቺ ታሞቂያት ጀመር። እኔ የአንድ አቡነ ዘበሰማያት ያህል ይዣት እቆም ነበር፤ ለምን እንደ ዘገየሁም ጠይቀሽኝ አታውቂም።

ይመኙሻል፣ አሁን የምጽፈውን ለንስሐ አባቴ ነግሬዋለሁና ለአንቺ ለመንገር አላፍርም። ያን ሕመም እንደ ፍርድ ቆጠርሁት። ዓርብ እስኪደርስ ቀን እቆጥር ነበር። የሃፍላው ረዳት «ካላክላ፣ ካላክላ» ብሎ ሲጣራ ስሰማ ልጆቹን የማስተምረው ፊደል ይምታታብኝ ነበር። በስድሳ ዓመት ዕድሜዬ፣ በጾም ቀን፣ የባዕድ ሴት ድምፅ ከጋቢ ወዲያ ለመስማት መጓጓቴ ኃጢአት መስሎ ታየኝ። መርፌውም ሲያመኝ፣ «ተገቢዬ ነው» አልሁ። በዚህ መንገድ ናፍቆቴን በሕመሜ እየከፈልሁ በንጹሕ ሕሊና ስጠብቅሽ ኖርሁ። ሕመሙን ልታጠፊልኝ ስትደክሚ አንድ ቀን እንኳ በእውነት አላገዝሁሽም። መፍትሔውን አላወቅሁትም፤ ግን ደግሞ አልፈለግሁትም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ግንቦት ላይ፣ በአንዲት ዓርብ፣ ሃፍላ በሌለበት ከመንሺያ በእግርሽ መጣሽ። ነጠላሽ ግማሹ አመድ ነበር። የምትሠሪላቸው ቤተሰቦች ከከተማው ሊወጡ ነው፤ እስከ ገዳሪፍ ያደርሱሻል፤ የሚነሡት በማግሥቱ ነው። ዐሥራ ሁለት ብልቃጥና መርፌዎች በነጭ ጋዎንሽ ጠቅልለሽ አመጣሽልኝ፤ ያን ከደምቢያ ጀምሮ በሻንጣሽ የምታኖሪውን ጋዎን። እንደ ልማድሽ ጋቢውን ጎተትሽ፤ ብልቃጧን አሞቅሽ። ግን አላቀበልሽኝም።

«የኔታ፣ ልቅር?» አልሽ።

ምን እንዳልሁሽ ታስታውሻለሽ። ብዙ ተናገርሁ። ባል የሌላት ሴት ሰላም በጠፋበት ከተማ መቅረቷ ምን እንደሚያስብል፣ ሰው ምን እንደሚል፣ ለሕይወት መሳሳት የእግዚአብሔርን ስጦታ ማክበር እንደ ሆነ፤ ሁሉንም በቅደም ተከተል፣ ለምእመናን እንደማስተምረው አስተማርሁሽ። መሄድሽ ትክክል ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ በዚህ ሠፈር የሆነውን ሰምተሻል፤ ስለዚህ ሂጂ ማለቴን ዛሬም አልክድም። ነገር ግን በመጨረሻ አንድ ቃል ጨመርሁ። «ለማን ብለሽ ነው የምትቀሪው?» አልሁሽ። መልሱን እያወቅሁ ጠየቅሁሽ። ስለ ማወቄም ነበር የጠየቅሁሽ፤ መልሱ እንዳይነገር።

ብልቃጧን ከጋቢው ሥር አሳለፍሽልኝ። ቆሜ ተወጋሁ። ስትወጪ በሩ ላይ ዘወር ብለሽ የነገርሽኝን ቃል ለመጨረሻው አቆየዋለሁ።

ዐሥራ ሁለቱ ብልቃጦች አለቁ። ከዚያ ለሰባት ወር መድኃኒት አልነበረም። የጃፋር አጅዛኻና ተዘረፈ፤ መደርደሪያው ሳይቀር ሄደ። እግሬ ተመልሶ ደነዘዘ። አንድ ጠዋት የሻሽወርቅን ለመዘከር ክርስትና ስሟን ልጠራ ብዬ ስሙ አልመጣልኝም፤ እስከ እኩለ ቀን በጓዳው ስመላለስ ቆየሁ። ያን ዕለት ከጥይት ያልፈራሁትን ያህል ፈራሁ። ኋላ ነገሩ ረገብ ሲል ጃፋር ከሄደበት ተመለሰ። እንግዲህ በየት እንዳገኘው አልነገረኝም፣ በዱቄት ከረጢት ደብቆ ብልቃጥ አመጣልኝና፣ «ያላ፣ ያ ሼኽ፣ እንግዲህ ጭንቅላትህ ይመለስ፤ አብሮኝ የሚከራከር ሰው ጠፍቷል» አለኝ።

ባለፈው ኅዳር ይህ ሆነ። የገበያውን ፍርስራሽ አቋርጬ ስመለስ መስታወት ረገጥሁ። አልተሰማኝም፤ እግሬ መች የሚሰማ ሆኖ። ቤቴ ገብቼ ወለሉ ላይ በዱካዬ ልክ የተከተለኝን ደም ሳይ ነው ያወቅሁት። ሕመም ለነፍስ መድኃኒት ነው እያልሁ ሳስተምር የኖርሁ ሰው፣ ሊያመኝ በሚገባው ቦታ አልታመምሁም። ጃፋር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በዳሰሳ እግሬን ጠቀለለልኝ። የሚወድቀው መቼ ይሆን ብዬ ቁስሌን ትቼ እርሱን እጠብቅ ነበር።

ከሦስት ቀን በኋላ የመርፌዬ ቀን ደረሰ። መቆም አልቻልሁም። ሞከርሁ፤ ጃፋር በነጠላዬ ሳበኝ። «ኡግዑድ» አለ፤ ተቀመጥ ማለቱ ነው። የእግዚአብሔር ስም እንደሚጠራ ነገርሁት። «የታመመ ሰው ተቀምጦ ቢጸልይ የእኔ አምላክ ይቀበላል፤ የአንተ አይቀበልም?» አለኝ። የእኔም እንደሚቀበል የማውቀውን ያህል እርሱ ሊያውቅ አይችልም። ዳዊቴን ከባንባሯ ላይ አንሥቶ በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ተቀመጥሁ። እግሬን ዘረጋሁ። በስመ አብ ብዬ ጀመርሁ፤ የለመድሁት ቃል ላይ ስደርስ መርፌውን ሰካሁ።

ምንም አልተሰማኝም።

የሳትሁት መሰለኝና ጎንበስ ብዬ አየሁ። መርፌው ገብቷል። ይህም መደንዘዜ ነው ብዬ ከላይ ታፋዬን ቆነጠጥሁት፤ ቁንጥጫው አመመኝ። መድኃኒቱን በዝግታ ገፋሁ፤ ሥጋዬ እንደ ሊጥ ለስልሶ ተቀበለው። አሜን አልሁ። ጃፋር ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዳዞረ፣ «ጨረስህ?» አለ። እንዳላመመኝ ነገርሁት። ድሮ ለምን ያመኝ እንደ ነበረ ጠየቀኝ፤ «መርፌ እኮ እንደ ትንኝ ነው፤ ደንበኞቼ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚሉኝ» አለ። ከዚያ በፊት እንዴት እንደምወጋ ሲጠይቀኝ፣ ቆሜ አልሁት።

ዘወር አለ። «ቆመህ? በየትኛው እግር?»

«በምወጋው።»

ጃፋር እንዴት እንደሚስቅ ታውቂያለሽ፤ ዳዊቴን ደረቱ ላይ አቅፎ ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ። «ሦስት ዓመት! ወላሂ፣ አህያ እንኳ ሲወጉት እግሩን ያነሣል» አለ። ዓይኑን ሲጠርግ ቆየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እርሷ ታውቃለች?» ብሎ ጠየቀኝ።

እንደማታውቂ ነገርሁት። ሳቁን ተወው።

እርሱ ከሄደ በኋላ ከባንባሯ አልተነሣሁም። ያቺ በርጩማ የእኔ ነበረች። ለመጽሐፌ ሳይሆን ለእኔ ነበር ያመጣሻት። በእያንዳንዱ ዓርብ ከጋቢው ወዲያ ሆነሽ፣ እዚያ ተቀምጬ፣ እግሬን ዘርግቼ፣ ዐርፌ በዓይነ ልቡናሽ ታዪኝ ነበር። እኔ ደግሞ በዚያው ሰዓት ከአንድ ክንድ ርቀት ላይ ተገትሬ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ በገዛ እጄ እሠቃይ ነበር። አንዴ ገልጠሽ ብታዪ ይበቃ ነበር። እኔም አንዴ፣ «ያመኛል፤ ምን አጠፋሁ?» ብዬ ብጠይቅሽ ይበቃ ነበር። ተማሪ ያልገባውን አለመጠየቁን አጥብቄ እቆጣለሁ። ከሁሉም የባስሁ ተማሪሽ ነበርሁ፤ ትምህርትሽ ግን እንከን አልነበረበትም። ይህን እንድታውቂ እፈልጋለሁ። ምንም አላጎደልሽም።

ከኅዳር ወዲህ በየወሩ ተቀምጬ እወጋለሁ፤ አያመኝም። የሚያስደነግጠኝ ግን ሌላ ነገር ሆነ። ሕመሙ ሲሄድ ናፍቆቱ ብቻውን ቀረ። ድሮ መርፌው ሲያመኝ የተከፈለ ይመስለኝ ነበር። አሁን የምከፍልበት የለኝም። ብልቃጧን በመዳፌ አሞቃታለሁ፤ ትሞቃለች፤ ግን የገዛ እጄ ሙቀት ነው፤ አዲስ ነገር ይዞልኝ አይመጣም። ጋቢውንም አላወረድሁትም። አጥቤ መልሼ ሰቀልሁት። ልጆቹ ለምን እንደ ተሰቀለ ጠይቀውኝ፣ ለትንኝ ነው ብያቸዋለሁ፤ ለተማሪ የዋሸሁት እርሱ ብቻ ነው። ባዶ ክፍል ፊት ለፊቴ ጋርጄ ተቀምጬ፣ የተማርሁትን በቃሌ እላለሁ። «አልኮሉ ይድረቅ» ስል፣ ሳልዘል፣ «ይድገሙ» የሚለኝ ሰው እጠብቃለሁ።

እንግዲህ ልመናዬ ይኸው። በሥርዓቱ ሽማግሌ መላክ ይገባኝ ነበር፤ የማውቃቸው ሽማግሌዎች ግማሾቹ ተሰደዋል፣ ግማሾቹ ዐርፈዋል። ጃፋር፣ «እኔ ልሂድልህ፤ ሽበቴ አይበቃም? እስላም መሆኔን ባርኔጣ እደፋበታለሁ» ብሎኝ ነበር። አመስግኜ በዝናሽ እጅ ይህን ደብዳቤ መረጥሁ። እኔ ቅስና የለኝም፤ ሚስቱ የሞተችበት መምህር ነኝ፤ ሁለተኛ ጋብቻ እንደማይከለክለኝ ለሌላ ሰው እንደምመረምር መጽሐፍ ገልጬ መርምሬያለሁ፤ የንስሐ አባቴም ፈቅዶልኛል። ብቻዬን እኖራለሁ ያልሁትን የሻሽወርቅ አልጠየቀችኝም። ለመከበር ብዬ ራሴው ያሰርሁት ነበር፤ ራሴው ፈታሁት።

ይመኙሻል፣ ወደ ካይሮ አትሂጂ። በሕገ ቤተ ክርስቲያን ሚስቴ ሁኚ። ካርቱም ዛሬ ያን ጊዜ የተውሻት ከተማ አይደለችም፤ መብራቱ ይጠፋል፣ ውኃው ይጨነቃል፣ ያልተነሣ ፍርስራሽ አለ። ይህችን ቤት ማየት የሚከብድሽ ከሆነ ወደ ገዳሪፍ እኔ እመጣለሁ። ልጆቹን ዲያቆን ሚኪያስ ይይዝልኛል፤ አሳስቤዋለሁ። የትም ይሁን፣ ጋቢውን አወርደዋለሁ። ድሮ «ለማን ብለሽ?» ብዬ የጠየቅሁሽን ጥያቄ ዛሬ እኔው እመልሰዋለሁ፤ ለእኔ ብለሽ።

መልስሽ እምቢ ቢሆን በሰላም ሂጂ። አልቀየምሽም፤ በጸሎትም ስምሽን አልዘልም። በዝናሽ በኩል አንዲት ቃል ላኪልኝ፤ ብዙ መጻፍ አያሻሽም።

ስሜን ከላይ ጽፌዋለሁና ከታች አልደግመውም። በፊርማዬ ቦታ፣ በዚያች የግንቦት ዓርብ ጫማሽን አጥልቀሽ በሩ ላይ ዘወር ስትዪ የነገርሽኝን ቃል አኖራለሁ። ያን ጊዜ ለመምህር የማይባል ነገር ተባልሁ ብዬ ተቀየምሁ፤ መልስም ሳልሰጥሽ ሸኘሁሽ። ዛሬ በዚያችው በርጩማ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። እንዲህ ብለሽኝ ነበር፤

«ተመልሼ መምጣቴን አላውቅም፣ የኔታ። ብቻ ቆመው አይጠብቁኝ። ባንባሯ አለች፤ ቁጭ ብለው ይጠብቁኝ።»